በሆቴልና ሬስቶራንት የሠራተኛ አስተዳደር፦ የደመወዝ ቅነሳና የአገልግሎት ክፍያ ጉዳይ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በአየር ጤና፣ በቤቴልና በዓለም ባንክ አካባቢዎች የሚገኙ ሆቴሎች፣ ካፌዎችና ምግብ ቤቶች ለበርካታ ወጣቶች የመጀመሪያ የሥራ በር ናቸው። በዘርፉ የሚሰማው የአሠሪዎች ቅሬታ ሠራተኛ አለመርጋቱ ነው። ይሁንና ለመልቀቁ ምክንያት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የሠራተኛው ጠባይ ሳይሆን የአመራሩ አሠራር ነው።

ለዚህ ዋነኛው ማሳያ ከደመወዝ ላይ የሚደረግ ቅነሳ ነው። ብርጭቆ ሲሰበር ወይም ተስተናጋጅ ሒሳብ ሳይከፍል ሲወጣ ዋጋውን ከአስተናጋጁ ደመወዝ ማስቀረት በአንዳንድ ድርጅቶች እንደ ደንብ ተይዟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ቅነሳን የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወሰን፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ድምር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም፤ ደመወዙ 3,000 ብር የሆነ አስተናጋጅ ከ1,000 ብር በላይ አይቀነስበትም። የሥራ አስኪያጅ የቃል ትእዛዝ በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውስጥ የለም። ደግሞስ የሌላውን ዕዳ እንዳይከፍል የሚሠጋ አስተናጋጅ ዓይኑን ከበሩ ላይ አንሥቶ እንግዳውን እንዴት በወጉ ያስተናግዳል?

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ የተሰወረ ነው። ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ በአዋጁ አንቀጽ 53 መሠረት እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያና የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰሉት በደመወዝ ላይ ነው። አዋጁ በአኃዝ የተወሰነ የደመወዝ ወለል ስለማያስቀምጥም፣ «ደመወዙ ትንሽ ነው፤ በአገልግሎት ክፍያው ይካካሳል» ተብሎ የተቀጠረ ሠራተኛ ጉዳቱን የሚረዳው ሥራውን ሲለቅ ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ደመወዙ ብቻውን ስንት እንደሆነ ነው።

የዘርፉ ሥራ በምሽትና በበዓል ቀን ይበረታል። ትርፍ ሰዓት በቀን ሲሠራ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የዕረፍቱ ቀን እሑድ ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም ያልተቋረጠ 24 ሰዓት መሆን አለበት።

የጽሑፍ ውል የሌለው ሠራተኛ መብቱን አያጣም። እንዲያውም አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት።

በብዙዎች ዘንድ የሚዘነጋው የይርጋ ጊዜ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። አቤቱታ ያለው የክፍለ ከተማው ነዋሪ በቅድሚያ በክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ምክር መጠየቅ ይችላል፤ የግል የሥራ ክርክር የሚታየው ግን በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሲቀርብም ውሉን፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነዱንና የሥራ ፈረቃ መርሐ ግብሩን ቅጂ ይዞ መገኘት ይጠቅመዋል።