ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ለምን አይመልስም?

ሐምሌ ነበር። ታናሽ እህቴ ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። የሂሳብ ባለሙያ ናት፤ ቤቷ ሆና ለሁለት ትንንሽ ድርጅቶች ሂሳብ ትሠራለች። ፒችትሪው፣ የደንበኞቿ ፋይል፣ ፕሪንተሩ፣ ሁሉም ያለው ሳሎን ጥግ በተቀመጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው። እናታችን ደግሞ አራስ በሐምሌ ብርድ ሳሎን ወጥታ ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጥ ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም። ስለዚህ ከመውለዷ በፊት መላ ዘይደን ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና በላፕቶፗ የሳሎኑን ኮምፒውተር ትከፍታለች፤ ስክሪኑ እንዳለ ፊቷ ይመጣል፤ ሕፃኑ እስኪያለቅስ ትሠራለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

የወሩን ቫት ለማሳወቅ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ግን አልከፍት አለ። ስትደውልልኝ እንባዋ ሊመጣ ነበር። «ወንድምዬ፣ ዛሬ ካላሳወቅኩ ቅጣት አለው፤ ኮምፒውተሩ ሞተብኝ!»

አልሞተም ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ቤት ገመና ብቻ አይመስለኝም። ደህናው ዴስክቶፕ ሳሎን ተቀምጦ ላፕቶፑ ከክፍል ክፍል የሚዞርባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኘው የዊንዶውስ መሣሪያ ሪሞት ዴስክቶፕ ይባላል። ሲሠራ ደስ ይላል። ሲያስቸግር ግን ሰው ያገኘውን ሁሉ መነካካት ይጀምራል፤ ፓስዎርድ ይቀይራል፣ ራውተሩን ሪሴት ያደርጋል፣ አንቲቫይረስ ያጠፋል። ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያው ችግር የቱ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

እህቴን በመጀመሪያ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው። «ፓስዎርድ ጠየቀሽ ወይስ አልጠየቀሽም?»

ጥያቄው ነገሩን ለሁለት ስለሚከፍለው ነው። የሰው ቤት እንደመሄድ አስቡት። አንዱ ችግር መንገዱ ጠፍቶባችሁ ደጃፉ ጋ አለመድረስ ነው። ሌላው ደጃፉ ደርሳችሁ፣ አንኳኩታችሁ፣ «አላውቅህም» መባል ነው። ፓስዎርድ የሚጠይቀው ሳጥን ከመጣ መንገዱ ደህና ነውና ራውተሩን አትንኩት። ሳጥኑ ሳይመጣ «መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ፓስዎርድ መቀያየር ትርፉ ድካም ነው። ያ መልእክት ራሱ ሦስት ምክንያት ይዘረዝራል፤ በርቀት መክፈት አልተፈቀደም፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ወይም ኔትወርኩ ላይ የለም። አብዛኞቻችን ሳናነበው እንዘጋዋለን።

እህቴን ፓስዎርድ አልጠየቃትም። ስለዚህ ስልኩን ለእናታችን እንድትሰጣት ነገርኳትና ኮምፒውተሩ ላይ መብራት ይታይ እንደሆነ ጠየቅኩ። «ምን መብራት አለው፤ ሌሊት መብረቅ ነበር፣ ዲቫይደሩን ነቅዬ ነው ያደርኩት» አለችኝ። «ዋይፋዩን ጠዋት መልሼላታለሁ። ኮምፒውተሩን ግን አሁን ማን ይጠቀምበታል?»

ተሰካ፣ በራ፤ አሁንም እምቢ አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ምክንያቱ ግን ያው ሌሊት የተነቀለው ሶኬት ነበር። ራውተር ቤት ውስጥ ለሚገናኙት ዕቃዎች ሁሉ ቁጥር ያድላል፤ አይፒ አድራሻ የሚባለው ይህ ነው። ባንክ ቤት በር ላይ እንደምትወስዱት የተራ ቁጥር ነው፤ የዛሬው ቁጥራችሁ ነገ የእናንተ ላይሆን ይችላል። እህቴ ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠው የዴስክቶፑ ቁጥር 192.168.1.5 ነበር። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ቀድሞ የተገናኘው የእናታችን ስልክ 5ን ወሰደ፤ ዘግይቶ የተነሳው ዴስክቶፕ 8 ደረሰው። እህቴ ጠዋቱን ሙሉ ስታንኳኳ የነበረው እናቷ ስልክ ላይ ነበር!

ይህን ለማየት ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ግቡና የተገናኛችሁበትን ኔትወርክ ዝርዝር ክፈቱ። አይፒቪ4 አድራሻ ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ከጻፋችሁት ጋር አንድ ካልሆነ አዲሱን ጻፉ፤ አለቀ። እንዳይደገም ግን ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ያንን ቁጥር ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ማስያዝ ይሻላል፤ ብዙ ራውተሮች ላይ አድሬስ ሪዘርቬሽን በሚል ስም ይገኛል። በቁጥሩ ፈንታ የኮምፒውተሩን ስም መጻፍም ይቻላል። አንዳንድ ቤት ግን ስሙ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ስለሚያምፅ እኔ ቁጥር ማስያዙን እመርጣለሁ።

የእናንተ ቤት ችግር ሌላ ሊሆን ይችላል። ቤታችሁ ዲቫይደር የሚነቅል ሰው ባይኖርም ኮምፒውተሩ ራሱ ይተኛል። የተኛ ኮምፒውተር አይመልስም። ሴቲንግ ውስጥ፣ ሲስተም ሥር፣ ፓወር የሚለው ጋ ስክሪኑ እንዲጠፋ ፍቀዱለት፤ ኮምፒውተሩ ግን ኤሌክትሪክ ላይ እስካለ በጭራሽ እንዳይተኛ አድርጉት። የሚከፈተው ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን ስትዘጉት እንደሚተኛ አትርሱ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ዴስክቶፕ ካልተጫኑት አይበራም። ባዮስ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ ብዙዎቹ ላይ አለና፣ ኮምፒውተር የሚያበጅላችሁ ሰው ሲመጣ እንዲያስተካክለው ጠይቁት።

ዋይፋዩንም ተመልከቱ። አንዳንድ ቤት ራውተሩ ሁለት ስም ያወጣል፤ አንዱ የቤተሰብ፣ ሌላው የእንግዳ። በእንግዳው የገባ ላፕቶፕ ኢንተርኔት እንደ ልቡ ያገኛል፤ የቤቱን ኮምፒውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዳያይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ኮምፒውተሩ የቤታችሁን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት ከሆነም ካፌ ያለ እየመሰለው ራሱን ይሸሽጋል። እዚያው የኔትወርኩ ዝርዝር ላይ «ፕራይቬት» በሉት፤ ይህን የምታደርጉት ግን የራሳችሁ ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

ሰው ብዙ ሰዓት የሚያጠፋበት ሌላ ምክንያት አለ። ዊንዶውስ ሆም የሚባለው ዓይነት ሌላ ኮምፒውተር መክፈት ይችላል፤ ራሱ ግን በሪሞት ዴስክቶፕ አይከፈትም። የሚከፈተው ኮምፒውተር ላይ ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝ ወይም ኤዱኬሽን መኖር አለበት። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ኤዲሽን የሚለውን አንብቡት። ሆም ካለ ምንም ብትነካኩ አይከፈትም፤ ወይ ወደ ፕሮ ማሳደግ ነው፣ ወይ ሌላ ፕሮግራም መጠቀም። ፕሮ ሆኖም ቢሆን እዚያው ሲስተም ሥር ሪሞት ዴስክቶፕ የሚለው መብራት አለበት፤ ሲገዛ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

አሁን ደጃፉ ደርሳችሁ የተመለሳችሁትን ላናግር። ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ፒን ነው። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን የምትከፍቱባት አጭር ቁጥር ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የተሰጠች ናት፤ በርቀት አትሠራም። የሚፈለገው የአካውንቱ ሙሉ ፓስዎርድ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቡ ከሆነ የተጠቃሚ ስማችሁ ሙሉ ኢሜይላችሁ ነው። ከተገዛ ጀምሮ በፒን ብቻ ሲከፈት የኖረ ኮምፒውተር ትክክለኛውን ፓስዎርድ እየሰጣችሁት እንኳ እምቢ ሊል ይችላል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣችሁ አንድ ጊዜ በፓስዎርዱ ግቡና እንደገና ሞክሩ። ጭራሽ ፓስዎርድ የሌለው አካውንት ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ በርቀት አያስገባም። «ቤት ውስጥ ማን አለና» ብላችሁ ባዶ የተዋችሁት ከሆነ ይኸው ምክንያቱ።

ስትገቡ ደግሞ የዚያኛው ወገን ስክሪን ይቆለፋል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጃችሁ ሳሎን የቤት ሥራውን እየሠራ ከነበረ ጩኸቱን ከመኝታ ቤት ትሰማላችሁ። በሌላ አካውንት የገባ ከሆነ መጀመሪያ ይጠየቃል፤ እሱም እምቢ ማለት ይችላል። «ማንነቱን ማረጋገጥ አልቻልኩም» የሚለው ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በራሳችሁ ቤት ኔትወርክ፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ የተለመደ ነው፤ ስሙ ወይም ቁጥሩ የእናንተ መሆኑን አይታችሁ እለፉ።

እስካሁን ያልኩት አንድ ቤት ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮች ነው። ቢሮ ሆናችሁ የቤታችሁን፣ ወይም ውጭ አገር ሆናችሁ የእናት አባታችሁን ኮምፒውተር ለመክፈት 192.168 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ብትጽፉ የትም አትደርሱም። ያ ቁጥር ከግቢው በር አይወጣም። ይህን ጊዜ ነው አንድ ነገር አውቃለሁ ባይ ዘመድ ብቅ ብሎ «ራውተሩ ላይ 3389ን ክፈቱት» የሚለው። 3389 ሪሞት ዴስክቶፕ የሚሰማበት የበር ቁጥር ነው። እባካችሁ አትክፈቱት። ይህን በር ክፍት ያገኙ እንደሆነ እያሉ ቀን ከሌት ኢንተርኔቱን የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ካገኙት ፓስዎርድ እየገመቱ ያንኳኩታል፤ ከገቡ ፋይላችሁን ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ብሉኪፕ ለተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ቀዳዳ መጠገኛ ሲያወጣ፣ ድጋፉን ካቆመለት ብዙ ዓመት ላለፈው ለኤክስፒ ጭምር ነበር ያወጣው። በዚያ ቀዳዳ ለመግባት ፓስዎርድ መገመት እንኳ አያስፈልግም ነበር። የደንበኛ ሂሳብ የያዘ ኮምፒውተርን በር ከፍቶ መተው እኔ በበኩሌ አልመክርም።

ለሩቅ የሚሆነው ሌላ ነው። ዋሽንግተን ያለው ወንድም አዲስ አበባ ያሉ አባቱን «ፕሪንተሩን ላስተካክልልዎ» ለማለት ክዊክ አሲስት ይበቃዋል። ዊንዶውስ ሆም ላይም ይሠራል፤ ረጂው ለጥቂት ደቂቃ የሚቆይ ኮድ ይልካል፣ አባት ኮዱን አስገብተው ይፈቅዳሉ። ሰው በሌለበት የራሳችሁን ኮምፒውተር ለመክፈት ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ኤኒዴስክና የመሳሰሉት አሉ፤ ራውተሩን መንካት አያስፈልጋቸውም። ጠንከር ያለ ፓስዎርድ ግን ያስፈልጋቸዋል።

አባትና እናታችሁን አንድ ነገር አስጠንቅቁልኝ። እነዚህ ፕሮግራሞች ለአጭበርባሪም እኩል ይሠራሉ። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ይቺን ጫኑና ኮዷን ንገሩን» የሚል ስልክ ከመጣ ስልኩን መዝጋት ነው። ኮድ የሚሰጠው ራሳችሁ ደውላችሁ እርዳታ ለጠየቃችሁት ሰው ብቻ ነው። አንዴ ከገባ የምታዩትን ሁሉ ያያል፤ ከፈቀዳችሁለት አይጡንም እሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

እህቴ አዲሱን ቁጥር ስትጽፍ ፓስዎርድ ጠየቃት፤ ሰጠችው፤ ፒችትሪው ተከፈተ። ቫቱን ከሰዓት በፊት አሳወቀች። በሳምንቱ ሄጄ ዴስክቶፑን 8 ላይ አስያዝኩላት፤ ዲቫይደሩ ላይም በፕላስተር «እንዳይነቀል» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ አንብባ ሳቀችብኝ። መብረቅ ሲኖር መንቀሏ ደግሞ ልክ ነው፤ የሐምሌ መብረቅ ለኮምፒውተር አይራራም። ስለዚህ ተስማማን። ሰማዩ ሲያጉረመርም ወደ መኝታ ቤት ትጣራለች፣ እህቴ ሥራዋን ሴቭ አድርጋ ኮምፒውተሩን በደንብ ታጠፋዋለች፣ ከዚያ ይነቀላል። ጠዋት ስትሰካ ደግሞ ኮምፒውተሩን መጫኑን እናቴ ተምራለች።