ቦታ ከመያዙ በፊት የውሃው መንገድ ይጠየቅ

መጋዘን ለመሥራት ቦታ የሚፈልግ ነጋዴ ከማናቸውም አስቀድሞ የሚጠይቀው የካሬ ሜትሩን ዋጋ፤ ቀጥሎም ከአስፋልቱ ያለውን ርቀትና ካሚዮን እንደ ልብ የሚገባበት መሆኑን ነው። ይህ የሚነቀፍ ጥያቄ አይደለም። የሚያሳዝነው ግን ቦታው አብዛኛውን ጊዜ በጥር ወይም በየካቲት፤ አቧራው በሚነሣበት ወራት ይታይና በነሐሴ ምን እንደሚመስል ሳይመረመር ውሉ መፈረሙ ነው። የጎርፍ ነገር የሚታሰበው ግድግዳው ቆሞ ሸቀጡ ከገባ በኋላ ነው።

በድሬዳዋ የደረሰውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰውም ከብትም ጫማው ሳይርስ ይሻገረዋል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ሌሊት ግን በደቡብ ካሉት ተራሮች የወረደው ውሃ ያንኑ አሸዋ ሞልቶ ወደ ሰፈሮቹ ገባ፤ ከ250 የሚበልጥ ሰው ሕይወቱን አጣ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ያለ መጠለያ ቀሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፤ ያን ያህል ጥፋት ያደረሰው ውሃ በከተማው ላይ የዘነበ ሳይሆን ከደጋው የመጣ መሆኑ ነው። ስለዚህ ቦታን መመርመር ማለት በአጥሩ ውስጥ ያለውን መሬት መመልከት ብቻ አይደለም፤ ከአጥሩ በላይ ያለው ስንት ጋሻ መሬት ውሃውን ወደዚያ እንደሚልክ ማወቅ ነው።

ይህም አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። 1 ለ50,000 በሆነው ካርታ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ የከፍታ መስመሮቹን አንብቦ ውሃው ከየት ተሰብስቦ በየት እንደሚያልፍ ማሳየት ለመሐንዲስ የብዙ ቀን ድካም የለበትም። ከካርታው ሌላ የሰፈሩን ሽማግሌዎችና የጎረቤቱን ዘበኛ መጠየቅ ይገባል። ሰው ባይናገር እንኳ በግድግዳ ላይ የቀረው የጭቃ መስመርና በአጥር እሾህ ላይ የተንጠለጠለው ገለባ ውሃው እስከ የት እንደ ደረሰ ይናገራሉ። መሬቱ ዋልካ የሆነ እንደሆነ አንድ ሜትር ያህል ጉድጓድ አስቆፍሮ ውሃ መሙላትና በስንት ሰዓት እንደሚጎድል ማየት ነው። ዋልካ በክረምት አብጦ ውሃ አላሳልፍም ይላል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ወለሉንም አብሮ ይሰነጥቀዋል።

ነጋዴው ራሱ የሚፈጥረው ውሃም አለ። 1,000 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው መጋዘን በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 50 ሜትር ኩብ ውሃ ያፈሳል፤ ይኸውም 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል ቢሰፈር 250 በርሜል ነው። ባዶ መሬት በነበረ ጊዜ ከዚህ ከፊሉን ይጠጣ ነበር፤ ቆርቆሮ ግን አይጠጣም። ግቢውን በአፈር ከፍ አድርገው ውሃውን ወደ ጎረቤት ሱቅ የሚሰድዱም አሉ፤ ይህን ጥንቃቄ ብሎ መጥራት አይቻልም።

ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ከትችት ነፃ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ሌሊት ጎርፍ ወደ መጋዘኑ ገብቶ ከታች የተደረደረው የሲሚንቶ ረድፍ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል። ጥፋቱ የሰማይ አልነበረም። በበሩ ፊት በሚያልፈው ቦይ ላይ ካሚዮን ማሳለፊያ ብሎ ያስቀበረው ቱቦ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ባለ 60ው ውድ መስሎታልና። በአንድ ዓይነት ቁልቁለት ባለ 60 ሳንቲ ሜትሩ ቱቦ ስድስት እጥፍ ያህል ውሃ ያሳልፋል፤ ዋጋው ግን ስድስት እጥፍ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች «እንዲህ ያለ ጎርፍ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው» ሲሉ ይሰማሉ። አነጋገሩ ያሳስታል። መሐንዲሶች እንዲህ ሲሉ በያንዳንዱ ዓመት ከመቶ ሁለት ዕድል አለው ማለታቸው ነው፤ ዘንድሮ ቢመጣ ለከርሞ አይመጣም ማለት አይደለም። አንድ ሕንፃ 30 ዓመት የሚያገለግል ቢሆን በዚያ ዘመን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል ከመቶ 45 ይሆናል። ከመቶ 45 የመክሰር ዕድል ያለበትን የንግድ ውል ማን ነጋዴ ይፈርማል?

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ምክር ቤቱ ሁለት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። አንደኛ፤ ለመጋዘንና ለሱቅ የሚሆን ቦታ በሊዝ ለጨረታ ሲቀርብ ከካሬ ሜትሩ ጋር የጎርፉ ከፍታና የመፍሰሻው ቦይ መጠን አብሮ በማስታወቂያው እንዲገለጽ። ሁለተኛ፤ በሱቅ ደረጃና በሸቀጥ መደርደሪያ የተደፈኑት የመንገድ ዳር ቦዮች በግንቦት፤ ዝናቡ ሳይጠነክር፤ በባለ ሱቆቹ በራሳቸው ተባባሪነት እንዲከፈቱ። ሁለተኛው ከማንም ፈቃድ አያስፈልገውም፤ አብዛኞቹን የደፈንናቸው እኛው ነንና።