ሴትን ሐይቅ ስለሚያደርጉ ገጣሚዎች

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዘመንህ የሚታተሙትን የግጥም መድበሎች እየፈለግሁ አነባለሁ። አብዛኛው ገጽ የፍቅር ነው፤ በዚህ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ሴቲቱ በገባችበት ሁሉ ሐይቅ፣ ጨረቃ ወይም አበባ ሆና መገኘቷ ነው። በእኛ በአዊ አገር የሚጽፈው ጎበዝማ የወደዳትን ልጅ ከዘንገና ጋር ሳያመሳስል አያድርም።

ለመሆኑ ዘንገና ምንድን ነው? ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በአዲስ አበባው መንገድ አቅራቢያ የሚገኝ፣ እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ክብ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱም 166 ሜትር ያህል ነው ይባላል። ገጣሚያችን ግን እሳቱንም ጥልቀቱንም ትቶ ሰማያዊነቱን ብቻ ቆንጥሮ ይሄዳል። በዳርቻው ጭራሮ ተሸክማ የምታልፈውን ሴትማ ከነመኖሯም አላወቀም። በዚህ አገር ስንቱ ቤት የሚተዳደረው ዲከረንስ ከተባለው ግራር በሚከሰለው ከሰል ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዋግ የሚመስል በሽታ ዛፉን ይዞታል። የልጇን ደብተር ከዚያ ዛፍ የምትገዛው እናት ቅጠሉ ሲደርቅ ስታይ ምን እንደምታስብ የጠየቀ ግጥም እስካሁን አልገጠመኝም።

«ውበትን ማወደስ ምን ጥፋት አለው?» ትለኝ ይሆናል። ጥፋቱማ ይህ ነው፤ ሐይቅ አይናገርም። ሴቲቱን ሐይቅ ያደረግሃት ዕለት ተናጋሪው አንተ ብቻ ሆነህ ትቀራለህ፤ እምቢ ስትልህም ከዳችኝ እያልህ ሁለተኛ መድበል ታሳትማለህ። እርሷ ግን መቼ ቃል ገባችልህ?

ሴቶቻችን አንደበት አጥተው አያውቁም። እናቶቻችን በወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ ሲያወርዱ የሟቹን ጠባይና ሥራ፣ የገዛ ቤታቸውንም ችግር በስሙ እየጠሩ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በጠላት ወረራ ዘመን ተማርከው ኢጣልያ ውስጥ በአዚናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1942 ዓ.ም. የልቤ መጽሐፍን አሳተሙ። ያሳለፉትን የሚያስታውሱ ሴት እንጂ የሰው ጨረቃ አልነበሩም። የሚያሳዝነኝ ዛሬ ከሚጽፉት ሴት ልጆች አንዳንዶቹ ወንዱ የሰፋላቸውን ያንኑ የአበባ ቀሚስ ለብሰው መታየታቸው ነው።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ዓይተነው የማናውቀውን የፈረንጅ አበባ የሚያወድስ ግጥም በቃላችን ያስይዙን ነበር፤ አደይ አበባ በአጥሩ ሥር ፈክቶ ሳለ! እኛስ ታዘን ነው፤ አንተን ማን አስገደደህ?

እስቲ ብዕርህን ከማንሣትህ በፊት ከእኅትህ ጋር ውሃ ቅዳ፤ በመንገድ የምትነግርህንም ሳታቋርጥ ስማ። ግጥሙን ስትጨርስ አስቀድመህ ለእርሷ አንብብላት። ከሳቀችብህ ከመጀመሪያው ጀምር።