የዕውቀትን ደጅ ለመክፈት ዋጋውን ማን ይክፈል?

በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የምትገኘው ዘጌ በቡናዋና በጥንታውያን ገዳማቷ የታወቀች ናት። እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ገዳማት የሚጠበቁትን ዓይነት የብራና መጻሕፍት የመረመረ ሰው፥ ከጸሐፊው ስም ጋራ ያጻፈውም ሰው ስም ተመዝግቦ ብዙ ጊዜ ያገኛል። አጻፊው የብራናውን፥ የቀለሙንና የጸሐፊውን ድካም ዋጋ ይከፍላል፤ መጽሐፉ ለቤተ ክርስቲያን ከተሰጠ በኋላ ግን አንባቢው ገንዘብ አይጠየቅም። ዛሬ የዓለምን ሊቃውንት የሚያከራክረው የጥናት ጽሑፍ ማሳተሚያ ክፍያም በመሠረቱ ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም።

ቀድሞ የነበረው ሥርዓት አንባቢውን የሚያስከፍል ነበር። ተመራማሪው ጽሑፉን ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ የሙያ ባልንጀሮቹም ያለ ዋጋ ይመረምሩለታል፤ አሳታሚው ግን መጽሔቱን ለየቤተ መጻሕፍቱ በውድ ዋጋ ይሸጣል። በዚህም ምክንያት በአገራችን ደንና ሐይቅ ላይ የተደረገ ጥናት ለራሳችን ተማሪዎች ዝግ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬም አለ።

ይህን ለመለወጥ በየካቲት ወር 1994 ዓ.ም. የቡዳፔስት መግለጫ የተባለው ወጣ። ሐሳቡም የጥናት ጽሑፍ ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ክፍት ይሁን የሚል ነው። ሆኖም ማረሚያው፥ ማዘጋጃውና በኮምፒዩተር ማኖሪያው ወጪ አለበትና ብዙ አሳታሚዎች ሒሳቡን ከአንባቢው አንሥተው በደራሲው ላይ ጫኑት። ኔቸር የተባለው ታላቅ መጽሔት በ2013 ዓ.ም. ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ ዋጋ ቈረጠ።

ነገሩን ወደ እኛ ብር መልሰን እንየው። ክፍያው 2,000 ዶላር ነው እንበል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበርና ሒሳቡ 114,000 ብር ያህል ይሆን ነበር። ከለውጡ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ ያው ክፍያ ከ200,000 ብር አለፈ። ጽሑፉ አልረዘመም፤ ድካሙም አልጨመረም፤ ነገር ግን ዋጋው ለአንድ መምህር የማይደረስበት ሆነ።

እርግጥ ነው፥ መላ የለም ማለት አይደለም። ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው የትብብር ድርጅት ዝርዝር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ምድብ ስትቈጠር ቆይታለች፤ ብዙ አሳታሚዎችም በዚህ ምድብ ላሉ አገሮች ክፍያውን በሙሉ ይምራሉ። ነገር ግን ምሕረቱ ብዙውን ጊዜ በሙሉ ክፍት በሆኑት መጽሔቶች እንጂ ግማሹን በሚሸጡት፥ ግማሹን በሚከፍቱት ላይ አይሠራም። ደግሞም ብዙ አሳታሚዎች ጥያቄው ጽሑፉ ሲላክ እንዲቀርብ ይፈልጋሉ፤ ጽሑፉ ከተፈቀደ በኋላ የሚጠይቅ ሰው «ጊዜው አልፏል» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪው ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ደንቡን ማንበብ አለበት።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። መምህር የማዕርግ ዕድገት ለማግኘት ጽሑፍ ማሳተም ግዴታው መሆኑን ዐውቀው፥ ጥቂት መቶ ዶላር ተቀብለው ያለ ምርመራ የሚያትሙ አስመሳዮች በዓለም በዝተዋል። ጄፍሪ ቢል የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የእነዚህን ዝርዝር ሲያወጣ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ዝርዝሩ ተዘጋ። በጎዎቹን የሚመዘግበው፥ በስዊድን አገር በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የክፍት መጽሔቶች ማውጫ ግን ዛሬም ስለሚሠራ፥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት እርሱን መመልከት ይጠቅማል።

ሦስተኛውም መንገድ አለ፤ ይኸውም አንባቢውም ደራሲውም የማይከፍሉበት፥ ወጪውን ተቋሙ የሚችልበት ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው ፖሊቴክኒክና ከዚያ በኋላ የተከፈተው የመምህራን አካዳሚ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ ዩኒቨርሲቲውም የራሱ የጥናት መጽሔቶች አሉት። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የጸደቀው ብሔራዊ መመሪያ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ጽሑፍን በአገር መዝገብ ማኖር እንደ ባዕድ መጽሔት ብዙ ሺህ ዶላር አያስወጣም።

አንዳንዶች «የታወቀ የውጭ መጽሔት ካልሆነ ማን ያየናል?» ይላሉ። አባባላቸው ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ የአገር ውስጥ መጽሔት ምርመራው ከላላ ክፍትነቱ ብቻ ክብር አያመጣለትም። ነገር ግን ለአንድ ጽሑፍ ወደ ውጭ የሚላከው 200,000 ብር ለአርታኢዎችና ለመርማሪዎች ቢውል፥ የአገሩ መጽሔት የሚታመንበት ቀን ይቀርባል።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ ጣናን ሲወር ያየው ዓሣ አጥማጅና ቡናው በዛፍ ጥላ የሚያድግለት የዘጌ ገበሬ፥ ሐይቃቸውና ደናቸው ሲጠና መንገድ መርተዋል፤ ጥያቄም መልሰዋል። የጥናቱ ውጤት ለልጆቻቸው መምህር እንኳ በገንዘብ የሚዘጋ ከሆነ፥ ወይም ለመክፈት የአገር ሀብት የሚፈስ ከሆነ፥ በሁለቱም ወገን የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ባለሥልጣኖች የጥናት በጀት ሲመድቡ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን።