ለችኩል ፍቅር ቀጠሮ ይሰጠው



ስለ ቤትና ስለ ትዳር በዚህ ዓምድ የሚወጡትን አስተያየቶች ዘወትር እከታተላለሁ። እኔም በበኩሌ፣ በቅጡ ሳይተዋወቁ «ያለ አንቺ መኖር አልችልም» ስለሚሉ ሰዎችና ይህን ቃል ሰምተው መልሱ ስለሚጨንቃቸው ወጣቶች የሚሰማኝን ባጭሩ እንድገልጽ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በምሠራበት መሥሪያ ቤት ያለች አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ለሥልጠና በሄደችበት ስፍራ ከአንድ ሰው ጋር ትተዋወቃለች። በዐሥረኛው ቀን ሰውዬው «አንቺን የፈጠረሽ ለእኔ ነው፤ ሽማግሌ ልላክ» የሚል መልእክት በስልኳ ይልክላታል። ልጅቱ አልጠላችውም፤ ነገር ግን የአባቱን ስም እንኳ አታውቅም። ምክር ስትጠይቀኝ ያስጨነቃት የሰውዬው ቃል ሳይሆን ይሉኝታ መሆኑን ተረዳሁ። «ይህን ያህል ከወደደኝ እንዴት አድርጌ አሳፍረዋለሁ?» ነበር ያለችኝ።

በችኮላ የተነገረ ፍቅር ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ብቸኝነት የጎዳው ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የተሰማውን ቶሎ ቢናገር አይፈረድበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው የወደደው በሐሳቡ የሳላትን እንጂ ያወቃትን ሴት አይደለም። ስትቆጣ፣ ስትታመም፣ ደመወዝ ሲያልቅባት ገና አላያትም። ስለዚህ ቃሉ ስጦታ መስሎ ይቅረብ እንጂ ለሰሚው ዕዳ ይሆንበታል፤ ያልተበደረውን እንዲከፍል ይጠየቃልና። በይሉኝታ «እኔም» ብሎ መመለስም ሌላውን ማክበር ሳይሆን ማታለል ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር ብልኀት ነበራቸው። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቱ ቤተሰብ ነገሩን ቢወደው እንኳ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ማለት ነውር ነበር፤ «እስቲ ከዘመድ እንማከርበት» ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። በዚህ መካከል የልጁ ጠባይ ይጠየቃል፤ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በእርግጥ የልጅቱ የራሷ ፈቃድ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም ነበርና ያ ሥርዐት እንዳለ ይመለስ አልልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ እንዲጸና፣ ዕድሜያቸውም 18 ዓመት የሞላ እንዲሆን መደንገጉ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ፈቃዱ የእኛ ከሆነ ወዲህ ቀጠሮ የመስጠቱም ኀላፊነት የእኛ መሆኑን የዘነጋን ይመስለኛል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። አዲስ ሠራተኛ ቋሚ ከመሆኑ በፊት የሙከራ ጊዜ አለው። ለአንድ የሥራ መደብ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለዕድሜ ልክ ጓደኛ ጥቂት ወራት ብንጠይቅ ምን ነውር አለው?

ለባልደረባዬም የመከርኳት ይህንኑ ነው። ሳትሳደብና ሳትደበቅ፣ «ስለ ቃልህ አመሰግናለሁ፤ ግን ገና አላውቅህምና ጊዜ ስጠኝ» እንድትለው ነገርኳት። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከመጀመሪያው መልእክት ይልቅ የሰውን ጠባይ ይገልጣል። ከልቡ የሆነ ቅር ቢለውም ይታገሣል፤ «ንቀሽኝ ነው» እያለ ቀንና ሌሊት የሚደውል ግን ዛሬ በቃል የጀመረውን ግዳጅ ነገ በቤት ውስጥ እንዳይቀጥለው ያሠጋል።

ቸኩለው የሚናገሩ ወንድሞቼና እኅቶቼም ቢያስቡበት መልካም ነው። የዛሬውን ስሜት ከሁለት ወር በኋላ ቢናገሩት የሚጠፋ ከሆነ ዛሬም አልነበረም፤ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ አይጎዳውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለመቀነት ብቻ አይደለምና።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ