ወራጅ ውኃና የዓሣ ደኅንነት

«ዓሣ ለመብላት በብልኀት» የሚለውን ምሳሌ ልጅም ሽማግሌም ያውቀዋል። ዓሣን በቤት ውስጥ በሕይወት ለማኖር የሚያስፈልገው ብልኀት ግን ከዚያ ይበልጣል። ዓሣው የጨው ባሕር ዓሣ ሲሆን፣ ቤቱም ከቀይ ባሕር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በካርቱም ሲገኝ፣ ነገሩ እጥፍ ድርብ ይከብዳል። ስለዚህ በዛሬው ዐምዳችን የባሕር ዓሣ በመስተዋት ሣጥን ለማኖር የሚያስብ ቤተ ሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር፣ ይኸውም ስለ ውኃው አካሄድ እንናገራለን።

አማርኛችን ውኃን ወራጅና የረጋ ብሎ ይለያል። ወራጅ የሚባለው እንደ ዓባይ የሚሄደው ነው፤ የረጋ የሚባለው ደግሞ እንደ ኩሬ ባለበት የሚቆመው ነው። ባሕር እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ባይወርድም የረጋ ውኃ አይደለም፤ ማዕበልና ነፋስ ሌሊትና ቀን ያንቀሳቅሱታል። እንግዲህ ከባሕር የወጣ ዓሣ በረጋ ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ ውኃው ለዐይን የጠራ ቢመስልም፣ ዓሣው ቀስ በቀስ ይታፈናል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ኦክሲጅኑ ወደ ውኃው የሚገባው ውኃው ከአየር ጋር በሚገናኝበት በላይኛው ገጽ ስለ ሆነ፣ የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ካልወጣና የላይኛው ወደ ታች ካልወረደ፣ ከታች ያለው ዓሣ ድርሻውን አያገኝም። ከዚህም በቀር የባሕር ውኃ ከጣፋጭ ውኃ ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ጊዜ አንድ ሊትር ጣፋጭ ውኃ ከ8 ሚሊግራም በላይ ሲይዝ፣ አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 7 እንኳ አይሞላም። ሙቀት በጨመረ ቍጥር ደግሞ ይህም ይቀንሳል። በግንቦት ወር የካርቱም ቀትር ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ ስናስብ፣ በዚያች ከተማ የሚኖር የባሕር ዓሣ ምን ያህል በጠባብ እስትንፋስ እንደሚኖር እንረዳለን።

ሰው ራሱ ወደ ዓሣው አገር በሄደ ጊዜ ይኸው ፈተና ደርሶበታል። በ1955 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963) ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን አጠገብ፣ ሻብ ሩሚ በሚባለው ስፍራ፣ 10 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ከብረት የተሠራ ቤት አቁሞ ነበር። ባልደረቦቹም አንድ ወር ያህል በዚያ ተቀመጡ። አየሩ ከላይ ከመርከብ በቧንቧ ባይላክላቸው ኖሮ ሊኖሩ ባልቻሉም ነበር። በባሕር ውስጥ ላለ ሰው የአየር መመላለስ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ በቤት ውስጥ ላለ ዓሣም የውኃ መመላለስ ያስፈልገዋል።

«እንግዲያውስ ኀይለኛ ፓምፕ ገዝቼ ውኃውን እንዳሻኝ አናውጠዋለሁ» የሚል ሰው ቢኖር ግን ሌላ ጥፋት ላይ ይወድቃል። ዓሣ ሁሉ ጕልበቱ አንድ አይደለምና። በቀይ ባሕር ሶሐል የሚባል ዓሣ አለ፤ ስሙ ዐረብኛ ሲሆን ሊቃውንትም ከ1775 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጀምረው በዚሁ ስም መዝግበውታል። ይህ ዓሣ ማዕበል በሚመታው በኮራሉ ዳር የሚኖር ብርቱ ዋናተኛ ነው። የባሕር ፈረስ የተባለው ዓሣ ግን ዋናው ደካማ ስለ ሆነ በጅራቱ የባሕር ሣር ጨብጦ ይኖራል። ለሶሐል ደስታ የሚሆነው ሞገድ የባሕር ፈረስን አንገላቶ፣ ምግቡን ነጥቆ ይገድለዋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሣጥን ማኖር አይገባም። ገዢውም ዓሣውን ከመግዛቱ በፊት «በባሕር ሳለ በምን ዓይነት ውኃ ይኖር ነበር?» ብሎ ይጠይቅ።

ዓሣ አርቢዎች እንደ ልማድ የሚከተሉት መጠን አለ። ኮራል ባለበት ሣጥን ውስጥ ፓምፖቹ በሰዓት ከሣጥኑ ውኃ ከ10 እስከ 20 እጥፍ እንዲያዘዋውሩ ያደርጋሉ፤ ለባሕር ፈረስ ግን ከዚህ በብዙ ያነሰ ይበቃል። ይሁን እንጂ ዓሣን የሚጎዳው የውኃው ብዛት ሳይሆን ፍጥነቱ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ይህንንም በሒሳብ እንየው። ሣጥኑ 300 ሊትር ቢይዝና ፓምፑ በሰዓት 3000 ሊትር ቢገፋ አሥር እጥፍ ይሆናል። ይህ ውኃ 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አፍ ቢወጣ በሴኮንድ ከ2 ሜትር በላይ ይወረወራል። አፉ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን ያው ውኃ በሴኮንድ 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። የውኃው ልክ ሳይጐድል ግፊቱ ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ብልኀቱ ፓምፑን ማሳነስ ብቻ ሳይሆን የውኃውን መውጫ ማስፋት፣ አንዱን ብርቱ ፓምፕ በሁለት ለዘብተኞች መተካት፣ ግፊቱንም ወደ መስተዋቱና ወደ ውኃው ገጽ ማዞር ነው። ከድንጋዩ ኋላ ደግሞ ዓሣው የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ጥግ ይተውለት።

በፓምፑ መምጠጫ በኩል ያለው አደጋ ከዚህ ይብሳል። ትንሽ ወይም የታመመ ዓሣ ወደ መምጠጫው ከቀረበ ይጣበቅና ክንፉ ይቀደዳል። መፍትሔው መምጠጫውን ሰፊ በሆነ ስፖንጅ መሸፈን ነው። ነገር ግን ስፖንጁ በቈሻሻ ሲደፈን፣ በቀሩት ጥቂት ቀዳዳዎች የሚገባው ውኃ ፍጥነቱ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በየሳምንቱ ሊታጠብ ይገባዋል። የካርቱም ደረቅ አየር ደግሞ ውኃውን ቶሎ ያተነዋል። ውኃው ሲጐድል ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል፤ ጨዉ ግን ስለማይተን ውኃው ከልክ በላይ ይከርራል። ስለዚህ የተነነው በጨው ውኃ ሳይሆን ከክሎሪን በጸዳ ጣፋጭ ውኃ ይተካ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ፓምፑ ሲቆም ኦክሲጅኑ ማለቅ ይጀምራል። የዓሣውን ቈሻሻ አሞኒያ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም በማጣሪያው ውስጥ ይታፈናሉ። ማጣሪያው ከሣጥኑ በታች የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ፣ የመመለሻው ቧንቧ የላይኛውን ውኃ ወደ ታች ስቦ፣ ዓሣውን በጭቃ እንደ ቀረ ሊያስቀረው፣ ወለሉንም ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ስለዚህ በቧንቧው ላይ፣ ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አየር የሚስብ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፤ የታችኛውም ሣጥን ለተመላሹ ውኃ ባዶ ስፍራ ይኑረው። ዓሣው ከመግባቱ አስቀድሞ መብራቱን ሆን ብሎ አጥፍቶ መፈተን ይገባል። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ዘወትር ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። እርሱ ከሌለ ውኃውን በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ለጥቂት ሰዓት ይረዳል፤ መብራቱ እስኪመለስም ዓሣውን መመገብ አይገባም።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር በሕይወት ያሉ ተሳቢ እንስሳትና ወፎች ነበሩት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023) በከተማይቱ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ጠባቂዎቹ በተኵሱ ምክንያት ሊደርሱላቸው ስላልቻሉ እንስሳቱ በረኃብና በጥም አለቁ። ጥፋቱ የጠባቂዎቹ አልነበረም። ነገር ግን በሣጥን የተዘጋ ፍጥረት ሕይወቱ በሰው እጅ ብቻ የተንጠለጠለ መሆኑን ይህ ኀዘን ያስተምረናል። በዱር ያለው እንስሳ ውኃ ፍለጋ ይሄዳል፤ በባሕር ያለውም ዓሣ ሞገዱ ሲበረታ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በመስተዋት ውስጥ ያለው ግን የሚሸሽበት የለውም።

እንግዲህ አባትና እናት ልጆቻቸው ባሕሩን በቤታቸው እንዲያዩ ቢወዱ መልካም ነው። ልጁም በየማለዳው የውኃውን ከፍታ እንዲመለከት፣ በየሳምንቱ ስፖንጁን እንዲያጥብ ቢታዘዝ፣ ከዓሣው ውበት ይልቅ ኀላፊነትን ይማርበታል። መብራት ሲጠፋ ውኃውን የሚያንቀሳቅስበት መንገድ ያላዘጋጀ ቤት ግን ዓሣውን ባለበት ይተወው። ከሱዳን ጠረፍ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የሳንጋኔብ ኮራል በ2008 ዓ.ም. (በ2016) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ውኃውን የሚያንቀሳቅሰው ነፋስና ማዕበል ነው፤ መብራትም አይጠፋበትም።