የጨዋታ ውድቀትና የኑሮ ውድቀት

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ የእኅቴን የልጅ ልጅ ፍለጋ በሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ወዳለችው ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ቤቲቱ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ዕቃዋ ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው። በአንደኛው ቴሌቪዥን ፊት ሁለት ጎረምሶች «ተሸናፊ ይከፍላል» ተባብለው የኳስ ግጥሚያ ይዘዋል፤ በሁለተኛው ፊት የኛ ልጅ ተጋጣሚ ስላጣ ብቻውን ተቀምጦ፣ እየሮጠ ገደል የሚዘል አንድ ፍጡር ያጫውታል። እኔ ቆሜ ስመለከት ያ ፍጡር ከአንዱ ገደል ሰባት ጊዜ ገባ፤ ልጁም ሰባቱንም ጊዜ ጆይስቲኩን ከእጁ ሳያኖር መልሶ አስነሣው፤ በስምንተኛው ተሻገረ። «አይሰለችህም ወይ?» ብለው፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «አባባ፣ ቁልፉን ቀድሜ ስለምጫን እኮ ነው፤ አሁን ገባኝ» አለኝ።

ይህ መልስ ለብዙ ቀን ከኅሊናዬ አልወጣ አለ፤ ምክንያቱም ይኸው በሰባት ውድቀት ፊቱ ያልጠቆረ ልጅ፣ ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ፣ ከ10 4 ያገኘበትን የሒሳብ ፈተና ወረቀት ከፍራሽ ሥር ሸሽጎ በመገኘቱ ቤቱ ሁሉ ታውኮ ነበር። አንድ ልጅ በአንድ ሥፍራ ሲወድቅ ጀግና፣ በሌላ ሥፍራ ሲወድቅ ሸሻጊ የሚሆንበት ምሥጢር ምንድር ነው?

ጨዋታንና ኑሮን የሚያመሳስሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዓይናቸው የሚያርፈው በድሉ ላይ ነው፤ በዚያ ደረጃ አለ፣ በዚህም ሹመት አለ፤ በዚያ ነጥብ ይለቀማል፣ በዚህም ገንዘብ ይከማቻል፤ ባላንጣውም በሁለቱም ዘንድ አይታጣም ይላሉ። ነገሩ ሐሰት ባይሆንም ሩቅ አያደርስም። እኔ ግን ሁለቱ በእውነት የሚመሳሰሉበትንም የሚለያዩበትንም ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከአሸናፊው ዙፋን ይልቅ ወደ ወዳቂው ገደል አፋፍ ቢሄድ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1985 የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ ያወጣውን፣ ሽጌሩ ሚያሞቶ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀውን ሱፐር ማሪዮ ብሮስን እንመልከት። ተጫዋቹ ሦስት ነፍስ ይዞ ይጀምራል፤ መመሪያ የሚያነብለት የለም፤ ጥቂት እንደ ተራመደ አንድ ትንሽ ጠላት ከፊት ለፊቱ ይመጣበታል፤ ካልዘለለ ይሞታል፤ ቢሞትም ወዲያው ከመነሻው ተነሥቶ ይቆማል። የከሰረው ጥቂት ሰኮንድ ሲሆን፣ ያተረፈው ዕውቀት ግን እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ያገለግለዋል። ይህ መምህር አለንጋ የለውም፤ አይሳደብም፤ የጎረቤትን ልጅ ምሳሌ አድርጎ አያሳፍርም፤ ጥፋቱንና የጥፋቱን ምክንያት ባንድ ጊዜ አሳይቶ «በል ተነሥ» ይላል እንጂ ያለፈውን አያነሣበትም።

በእኛ ዘንድ ግን «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የተባለው ተረት ሥርዓት ሆኖ ይሠራል። ከ10 4 ያገኘ ልጅ ወረቀቱ በቀይ እስክሪፕቶ ተሰርዞ ይመለስለታል፤ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ውጤቱ ይነበባል፤ ማታም በአባቱ ፊት ቆሞ ሁለተኛ ይፈረድበታል፤ ስድስቱ ለምን እንደ ጠፉ ግን ማንም አብሮት ተቀምጦ አይመረምርም። እኔ ያንን ወረቀት ከእኅቴ ተቀብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ ብመለከተው፣ ከስድስቱ ስሕተት አራቱ በአንድ ምክንያት የመጡ ነበሩ፤ ልጁ ሲቀንስ ከጎን ካለው አኃዝ አንድ ይበደርና፣ የተበደረበትን አኃዝ በአንድ መቀነስ ይረሳል። የአራት ጥያቄ ገደል አንድ ገደል ብቻ ነበር፤ ልጁ ግን በቤቱም በትምህርት ቤቱም ተግሣጹን ስለ ጠገበ፣ ከወረቀቱ የተማረው መቀነስን ሳይሆን መሸሸግን ነው።

ጨዋታው እንደሚያደርገው ውድቀትን አርክሶ ዕውቀትን ማስወደድ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ጥበብ አይምሰለን። የቅኔ ቤታችንን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጀማሪው ተማሪ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ብቻውን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለውን ይሞላለታል፣ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ያቀናለታል፤ ተማሪው በማግሥቱ ሌላ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል። መምህሩ ቁጡ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የትናንቱ የተበላሸ ቅኔ ለትናንት ቀርቷል፤ በዛሬው ላይ ምስክር ሆኖ አይቆምም። ባለቅኔ የሚሆነው ሰው ሊቅ ከመባሉ በፊት ብዙ ቅኔ ያበላሸው ሰው ነው፤ ማበላሸቱም የሚፈቀድለት ሥፍራ ስለ ተዘጋጀለት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ጨዋታን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም፤ የሰውን ውድቀት ለትምህርት ሳይሆን ለገበያ የሚያዘጋጅ ጨዋታም አለና። እ.ኤ.አ. በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሠራው ስፔስ ኢንቬደርስ በጃፓን አገር በ100 የን ሳንቲም የሚሠራ የጨዋታ ማሽን ነበር፤ በእርሱም ጠላቶቹ እየተመቱ ቁጥራቸው ባነሰ መጠን የቀሩት ይፈጥናሉ። ነገሩ በመጀመሪያ የመጣው ሥዕሎቹ ሲያንሱ የማሽኑ የሥራ ጫና ስለሚቀልለት ነበር፤ ሠሪው ግን ፍጥነቱ ተጫዋቹን እንደሚያስጨንቀው አይቶ እንዳለ ተወው። ስለዚህ ድሉ ቀረበ ባለበት ሰዓት የተጫዋቹ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ይወድቃልም፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ሌላ ሳንቲም ይጠብቃል። ዛሬ ደግሞ ካንዲ ክራሽ በተባለው የስልክ ጨዋታ አምስት ነፍስ ይሰጣል፤ አንዲት ነፍስ ከጠፋች እስክትመለስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ትዕግሥት ያጣ ሰው በገንዘቡ ይገዛታል።

እንግዲህ ከጨዋታ ወደ ኑሮ ይዘነው የምንሄደው አንድ ታላቅ ጥያቄ ይህ ነው፤ «እኔ ስወድቅ የሚያተርፈው ማን ነው?» የወደቅሁበት ሥፍራ ዕውቀት ጨምሮልኝ የሚያሰናብተኝ ከሆነ ትምህርት ቤት ነው፤ ኪሴን ዳብሶ «ሌላ ጊዜ ይቀናሃል» እያለ የሚያስቀረኝ ከሆነ ግን ወጥመድ ነው። በስፖርት ውርርድ ቤቶች በር ላይ፣ የተቆራረጠ ወረቀት እግራቸው ሥር በትነው የነገውን ግጥሚያ የሚመረምሩ ወጣቶችን ባየሁ ቁጥር ይህ ጥያቄ ትዝ ይለኛል፤ እነርሱም እንደኛ ልጅ ደጋግመው ይወድቃሉ፤ ነገር ግን ከውድቀታቸው «አሁን ገባኝ» የሚሉት ነገር አይገኝበትም።

የኑሮ ውድቀት ሁሉ ደግሞ ባንድ ሚዛን አይመዘንም። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የፈጠረው ቴትሪስ ይህን ከሌሎቹ ይልቅ ያስረዳል። በእርሱ ዘንድ እያንዳንዳቸው ከአራት ካሬ የተገጣጠሙ ሰባት ዓይነት ቅርጾች ከላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ እያዟዟረ ይደረድራቸዋል፤ አንዱ ረድፍ ያለ ቀዳዳ ሲሞላ ይጠፋል። በተሳሳተ ሥፍራ ያረፈ ቅርጽ ተመልሶ አይነሣም፤ ይሁን እንጂ ተጫዋቹ ከላዩ ያሉትን ረድፎች በትዕግሥት ከሞላ፣ እነርሱ ሲጠፉ የተደፈነው ቀዳዳ እንደገና ይገለጣል። አባቶቻችን ንስሓ ያሉትን ነገር በዚህ እመስለዋለሁ፤ የተደረገው እንዳልተደረገ አይሆንም፤ ነገር ግን በኋላ በሚሠራ ቅን ሥራ ወደ ተበላሸው ሥፍራ መመለሻ መንገድ ይከፈታል። የፈረሰ ወዳጅነት፣ የባከነ የትምህርት ዘመን፣ በስካር የተነገረ ክፉ ቃል፣ ይህን ሁሉ ከዚህ ወገን እቆጥረዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ወዲያ ግን ጨዋታ የማያውቀው ውድቀት አለ። በጨዋታ መኪና ግድግዳ ገጭቶ እየሣቀ የሚነሣ ጎረምሳ፣ በቀለበት መንገድ በዚያው ልማድ መሪውን ቢጠመዝዝ፣ «እንደገና ጀምር» የሚል ጽሕፈት በፊቱ አይበራለትም። በሰው ሕይወት ላይ የተተኮሰ ጥይት፣ ባልታጠረ ጉድጓድ የገባ ሕፃን፣ እነዚህ ነፍስ የማይገዛላቸው፣ ረድፍ የማይሞላላቸው ናቸው። ጨዋታ ልጆቻችንን ያታልላል ብለን ብንሰጋ ስጋታችን እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የሚነሡበትንና የማይነሡበትን ገደል ለይቶ ማሳየት የጨዋታው ሳይሆን የኛ የወላጆች ግዴታ ነውና።

ይህን ልዩነት የራሳችን ጨዋታም ያስተምራል፤ በቀድሞ ዘመን መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው የሀገራችን ሰንጠረዥ (ቼዝ) አጀማመሩ ከሌላው ዓለም የተለየ ነበር። መክፈቻው ወረራ ይባላል፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ እንደ እጁ ፍጥነትና እንደ ዓይኑ ንቃት፣ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሠራዊቱን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ወዲያ ግን ተራ ይገባል፤ እያንዳንዱም እርምጃ ዋጋ ያስከፍላል። የልጅነት ዘመን የኑሮ ወረራ ነው። የመጀመሪያው ምርኮ መምጣቱ ስለማይቀር፣ ከዚያ በፊት ልጁ እጁን እንደ ልቡ አንቀሳቅሶ፣ ወድቆና ተነሥቶ፣ የሠራዊቱን አሰላለፍ ይወቅ።

ስለዚህ መምህራናችን ያረሙትን ፈተና ሲመልሱ፣ ተማሪው የሳተውን እንደገና ሠርቶ እንዲያመጣ አንድ ተጨማሪ ቀን ቢፈቅዱለት፣ ወላጆችም ውጤቱን ከመጠየቃቸው በፊት የሳተበትን ምክንያት ቢጠይቁት፣ የሚከስሩት እጅግ ጥቂት ነው። የኛ ልጅ ያንን ወረቀት ከእኔ ጋር ደግሞ ሲሠራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።